የግራው በር ዝገት

የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ጧት ጧት ነጩን ላንድሮቨር ሲያጥብ ታይፒስቷ እናትዓለም በመስኮት ታየዋለች። መኪናው ከዱርቤቴ ባላባት ተወርሶ፣ ነጭ ተቀብቶ የመጣ ነው። ሹፌሩ ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከጣና የመጣውን ትንኝ፣ የዋርካውን ሙጫና የወፉን ኩስ ላምባ በነካ ጨርቅ፣ የሕፃን ፊት እንደሚጠርግ ሰው ቀስ አድርጎ ያነሳል። አገሩን ሲጠይቁት «የጭሰኛ ልጅ ነኝ» ብቻ ይላል። የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም፤ መኪናውን ለማንም አያምንም።

የግራው በር ላይ ያለችውን ዝገት ግን አይፍቃትም። ነጭ ቀለም ይደርብባታል፤ ወር ሳይሞላት ተመልሳ ትወጣለች።

«ጋሼ፣ ሳይፍቁ ቢቀቡት እኮ ውስጥ ውስጡን ይበላዋል» ብላው ነበር አንድ ቀን።

«አውቃለሁ። ለመድሁት» አላት።

ዛሬ ግን ኃላፊው መኪናው ለአብዮት በዓል ተፍቆ እንደ አዲስ እንዲቀባ አዘዘ። ሹፌሩ የብርጭቆ ወረቀቱን ይዞ በሩ ሥር ቁጢጥ አለ። እጁ ግን አልንቀሳቀስ አለው። እናትዓለም አሳዘናትና ከመስኮቷ ልታጫውተው አሰበች።

«ከነጩ ሥር ምን ቀለም ይኖር ይሆን፣ ጋሼ?»

«አረንጓዴ» አለ፣ በሩን በመዳፉ እየዳበሰ። «እናቴ ናት የመረጠችው።»

ወዲያው ደነገጠ። ቀና ብሎ ክፍት የነበረውን የኃላፊውን መስኮት አየ። እናትዓለምም መስኮቱን አየችው። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው አቀርቅራ፣ ድምፁ ግቢውን እስኪሞላው ድረስ ታይፗን ትቀጠቅጥ ጀመር።