ወጋግራው ላይ የተጣለው ገመድ

ባለፈው ሰሞን ትከሻዬ አልታዘዝ ብሎኝ ዲላ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። የምታክመኝ ልጅ ከላይ የተንጠለጠለ ገመድ አስይዛኝ፣ «እማማ፣ በደህናው እጅዎ የታመመውን ወደ ላይ ይሳቡት» ስትለኝ ሳቄ አመለጠኝ። የልጅ ልጆቼም «ምን አሳቀሽ? ካልነገርሽን አንለቅሽም» ብለው ያዙኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ወናጎ አጠገብ፤ እኔ ገና ልጃገረድ ነኝ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቡናችንን እናቴ ብቻዋን ነበር የምትይዘው። በዚያ ክረምት ቀኝ ትከሻዋ ድርቅ አለ። እንሰት መፋቅ ቀረ፣ ፀጉር መጎንጎን ቀረ። ወጌሻው ቢያሸው ጭራሽ ባሰበት። የአባቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ ይመጣና፣ ያቀረብንለትን ጎመንና ቆጮ እያጣጣመ፣ «በዚህ ክንድሽ ቡና ልትለቅሚ? ለመኸሩ ካልደረስሽ እኔ እይዘዋለሁ። ከያዝኩ ደግሞ አለቅም» ይላል።

እናቴ ያንን ጭቃ በእግሯ አቋርጣ ዲላ፣ ክሊኒክ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ዘንድ ሄደች። መድኃኒት ይዛ አልተመለሰችም። እሱ እንዳሳያት፣ ቃጫ አስገምዳኝ ገመዱን ወጋግራው ላይ ጣለችው። ጎረቤታችን በበር ብቅ ስትል አይታ፣ «ኡኡ! ልትታነቅ ነው! ድረሱ!» ብላ ሰፈሩን ቀወጠችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አንገቴን የት አየሽው? እጄን እኮ ነው ያሰርኩት!» አለች እናቴ።

በየማለዳው ኮባ በእሳት አሙቄ ትከሻዋ ላይ አደርግላታለሁ። ከዚያ በግራ እጇ ስትስብ፣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ እንዳይሸሽ ተጭኜ እይዛለሁ። ላብ ያጠምቃታል። እኔ ሳለቅስ፣ «ለቅሶ ቤት የመጣሽ መሰለሽ? ያዢ!» ትለኛለች። ዝናቡ እየሳሳ ሄደ፣ እጇም ቀስ በቀስ ከፍ አለ። አንድ ጠዋት ስነቃ ፀጉሯን ራሷ ትጎነጉናለች። ለማንም እንዳልናገር በዓይኗ ጠቀሰችኝ።

ቡናው ቀልቶ ለቀማ ሲደርስ አጎቴ ቅርጫቱን አንጠልጥሎ፣ ልጆቹን አስከትሎ መጣ። እናቴ ከረጅሙ ቡና ሥር ቆመች። ያንን ቀኝ እጇን ዘረጋች፣ የላይኛውን ቅርንጫፍ ጨብጣ ወደ ደረቷ አጎነበሰችው።

«ዋርሳዬ፣ እንኳን መጡልኝ» አለች። «ቅርጫቱን ይያዙልኝ።»

ያዘላት! ምን ያድርግ? ልጆቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔማ ከደስታዬ ብዛት ጥሬውን ከበሰለው ቀላቅዬ ስለቅም ዋልኩ።

ያ ቡና እስከ ዛሬ በእጃችን ነው። እኔም ይኸው በስተርጅና ገመዴን እስባለሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ አርጅታ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ነው የነገረችኝ፤ ድሬሰሩ ለካ ያን ቀን፣ «ባትነኪውም ምናልባት ከሁለት ዓመት በኋላ በራሱ ይለቅሻል» ብሏት ነበር።

«ታዲያ ያን ሁሉ ስቃይ ለምን?» ብላት፣

«ትከሻዬ ጊዜ ነበረው፤ አጎትሽ ግን አይጠብቀኝም ነበር» አለችኝ።