የቆይማ ሙከራ ልብስ ስፌት

ቆይማ ይሉታል። እናቱም፣ የሥራ ባልደረቦቹም፣ ባለ ሱቁም። ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር ሲባል እንኳ «ቆይማ» ብሎ ሲያስብ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ሥራው ድረ ገጽ መሥራት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ እንዴት እንደሚጨርስ እኔን አትጠይቁኝ፤ አለቃው ቆሞበት ነው የሚያስጨርሰው።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋን የከፈተችው ከመኪና መለዋወጫ መደብር ጀርባ፣ መንገድ የጠፋው ሰው ካልሆነ በማይገባበት ቅያስ ነው። «የኔ ወንድም፣ ስሜንና አድራሻዬን የያዘች አንዲት ገጽ አውጣልኝ። ሰው ካልመጣ ሱቁን መዝጋቴ ነው» አለችው።

«ለዚህማ ስታቲክ ሳይት ጀነሬተር ነው!» አለ ደስ ብሎት።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«ጽሑፍሽን ትሰጪዋለሽ፣ ያለቀለት ገጽ አድርጎ ያስቀምጥልሻል። ለመጣው ሰው ሁሉ እንደ አዲስ አይሠራም።»

«ተሰፍቶ የተሰቀለ ልብስ በለኛ! ታዲያ ስቀልልኝ።»

«ቆይማ፣ ዓይነቱ ብዙ ነው።»

ጉዱ የመጣው ከዚህ ነው። አንደኛው ጀነሬተር ፈጣን ነው፣ ሺህ ገጽ ባንዴ ያወጣል። የእህቱ ገጽ አንድ ናት፤ ግን ነገ ሺህ ብትሆንስ? ሌላው መልኩ ያምራል፣ ሠሪዎቹ ግን ተኳርፈዋል ይባላል። ቢጨንቀው ነገሩን ምሳ ላይ ለቤተሰቡ አቀረበ። እናቱ በጥሞና ሰምተው «ጨዋው የትኛው ነው?» አሉ። አጎቱ ደግሞ «የተኳረፉትን ተዋቸው፣ ምስክር ሁን ብለው ያስጠሩሃል» አሉት። ቆይማ ሁለቱንም ምክር ከምሩ ወሰደው። እኔ እዚያ ብኖር ሳህን ነበር የምወረውረው!

ለማወዳደር ሲል በየጀነሬተሩ አንዳንድ የሙከራ ገጽ ሠራ። የእህቱን ስም በሙከራ ማርከስ አልፈለገም፤ «ሙከራ ልብስ ስፌት» አለው። አድራሻ ሲያስፈልገው የራሱን ቤት ጻፈ። ፍጥነታቸውን ለመለካት ደግሞ ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ለቀቃቸው። በዚያ አካባቢ ልብስ ሰፊ የፈለገ ሰው ሁሉ፣ ጉድ በሉ፣ የሚያገኘው እሱን ሆነ።

መጀመሪያ ያንኳኳችው ሱሪ ማሳጠር የፈለገች ነርስ ናት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ሙከራ ነው። እዚህ ልብስ አይሰፋም።»

«ወይኔ! ገጻችሁ እንዴት ያምር ነበር።»

«የትኛው? ቀዩ ነው ሰማያዊው?»

አስገብቶ አስቀመጣት። ቶሎ ተከፈተልዎት? ፊደሉ አላነሰም? ጠይቆ ጠይቆ ሱሪዋን እንደታቀፈች ሸኛት። ከዚያ የታክሲ ሹፌር መጣ፣ ሙሽራ ከነቬሎዋ መጣች። ሁሉንም ከነልብሳቸው መለሰ። ጤነኛ ሰው ቢሆን «እህቴ ልብስ ሰፊ ናት» ይል ነበር። እሱ ግን የእህቱ ገጽ ገና አልወጣማ! ያልወጣ ነገር እንዴት ለሰው ይነገራል?

እህቱ ባዶ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ በር በሩን ስታይ ከረመች። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጠችና ቁልፉን ለአከራይዋ ልትመልስ ወጣች። መንገድ ላይ ሆዷ ባባ፤ ወንድሟ ዘንድ ልታለቅስ ጎራ አለች። ደረጃው በሰው ተሞልቷል። ወንድሜን ምን አገኘብኝ ብላ ክው አለች፤ እየገፋች ገባች። ቆይማ አንድ ኮት የታቀፉ ሽማግሌ አስቀምጦ ስለ ፊደል መጠን ይጠይቃል።

«ይሄ ሁሉ ሰው ምንድነው?»

«አስተያየት ሰጪዎች ናቸው። ላንቺ ገጽ እኮ ነው የምደክመው!»

ኮቱን አየች፤ በሩ ላይ መጋረጃ የተሸከመችውን ሴት አየች። «ደንበኞቼን ነው የምትመልሰው?» አለች፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ። «እኔ እዚያ ብቻዬን ቁጭ ብዬ?»

ያኔ ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። «አሁኑኑ አድራሻውን ላንቺ እቀይረዋለሁ» ብሎ ወደ ኮምፒውተሩ ተንደረደረ። «ግን በየትኛው ገጽ…»

«እጅህን አንሳ! አንዱንም እንዳትነካ!» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፤ ከቦርሳዋ ሜትር አወጣች። «አባቴ፣ ይነሱ እስቲ፣ ትከሻዎን ልለካ። አንተ ቁልፉን ያዝና ሂድ፣ የስፌት መኪናዬን ከሱቁ ተሸክመህ አምጣ። ስትመለስ አልጋህን ከመስኮቱ ሥር ታነሳልኛለህ፣ ብርሃኑን እፈልገዋለሁ።»

አልጋዬን የት ላድርገው አላላትም። ዓይኑን እየጠረገ፣ ባለ ጉዳዮቹን «አሳልፉኝ፣ አሳልፉኝ» እያለ ደረጃውን በሩጫ ወረደ።