ከአዛኑ በፊት መዝጋት

ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሹራብ እንደለበስኩ ፒያኖው ፊት ተቀመጥኩ። ደሴ ያደረ ሰው ጠዋት ያለ ሹራብ አይወጣም፤ ቁልቁለቱን በሚኒባስ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ደግሞ የሚያወልቅበት ጥግ ይፈልጋል። እኔ ከድንጋጤዬ የተነሳ ማውለቁን ረሳሁት። ላቤ ቁልፎቹ ላይ እየተንጠባጠበ በምሳ ሰዓት አሥራ ሁለት የክላሲክ ድርሰቶች ተጫወትኩ። የማውቀው እነዚያኑ አሥራ ሁለቱን ነበር፤ እነሱንም ቢሆን ወረቀት እያየሁ።

የሆቴሉ ባለቤት ሐጂ ኑርዬ ይባላሉ። አያታቸው ከየመን መጥተው ደሴ ፒያሳ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሐጂ ደግሞ ኮምቦልቻ ወርደው መጠጥ የማይሸጥበት ሆቴል ከፈቱ። ፒያኖውን አስበው አልገዙትም። አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ ከወንበሮች ጋር በአንድ ላይ ወጥቶ ነው። «ወንበር ፈልጌ ብሄድ ይሄ ተከትሎኝ መጣ» ይላሉ።

ሲቀጥሩኝ ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ። አንደኛው፣ ሰው ቃሉን የሚያውቀው ዜማ እንዳልጫወት ነበር። እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን እጄን ላፍታታ ብዬ ትዝታ ነካ አደረግሁ። ከደረቅ ወደቡ ለምሳ የመጡ ሾፌሮች እጃቸውን ከሳህኑ አንስተው ማንጎራጎር ጀመሩ፤ አንደኛው ግድግዳውን እያየ በሐሳብ ሄደ፣ ምግቡም ቀዘቀዘ።

«ይማም» አሉኝ ሐጂ፣ «የቀጠርኩህ ሰው በሰላም በልቶ እንዲሄድ ነው። ተክዞ የሚቀመጥ ደንበኛ ምን ያደርግልኛል?»

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ፣ የቀትሩ ሶላት፣ የዙህር አዛን ሲጀምር ፒያኖው ዝም ብሎ መገኘት አለበት የሚል ነበር። መስጊዱና ሆቴሉ አጥር ለአጥር ናቸው።

የከበደኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ሙአዚኑ አዛን ከማለቱ በፊት ማይክራፎኑን በጣቱ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል። ከዚያ ጠቅታ እስከ አዛኑ ድረስ ሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ጊዜ አለ። የሱ ሰዓትና የኔ ሰዓት ተስማምተው ስለማያውቁ የምጠብቀው ጠቅታውን ብቻ ነበር። ወረቀት ላይ ያለ ድርሰት ደግሞ የሚያልቀው ደራሲው በወሰነው ቦታ ነው እንጂ ሙአዚኑ ባሰኘው ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ጠቅታውን ስሰማ የትም ልሁን የት እጄን አነሳለሁ። ሐጂ ጥግ ካለችው ጠረጴዛቸው ቀና ብለው፣ «አለቀ?» ይሉኛል።

«አላለቀም ሐጂ፣ አዛን ሆኖ ነው።»

ይህ በየቀኑ ይደጋገማል። የሻዕባን ወር ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ሰው እያወራ አፉን በእጅህ ትከድናለህ?» አሉኝ። «ወላሂ አንተ የምታደርገው እንደዚያ ነው። ደሞ ትናንትም ይችኑ ነው የሰማነው፣ ከትናንት ወዲያም ይችኑ። ረመዳን ሊገባ ነው፣ ቀን ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ሲወጣ እንተያያለን። ያው ከሆነ ፒያኖውን ሰጥቼ እዚህ ቦታ ላይ አራት ጠረጴዛ አስገባለሁ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ እኔ የማውቀው ሌላ ፒያኖ የለም፤ እሱ ከሄደ ሙያዬም አብሮ ሄደ። በዚያ ላይ ፒያኖውን እወደው ነበር። ከላይ ሦስት ቁልፎቹ ድምፅ አይሰጡም፣ ፔዳሉ ያቃስታል፤ እንዲያም ሆኖ እወደው ነበር።

ያለኝ አንድ ወር ነው። ፒያሳ ጀርባ ወደሚኖሩት ወደ እትዬ የሺ ሄድኩ። እትዬ የሺ ዕድሜያቸውን በሙዚቃ መምህርነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ውስጥ በእግር እየተረገጠ የሚጫወቱት አሮጌ ኦርጋን ያላቸው ሴት ናቸው።

«ያለ ወረቀት፣ እዚያው እየፈጠሩ መጫወት ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት?»

«ክላሲክ የሚመስል። ማንም ቃሉን የማያውቀው፣ በፈለግሁት ሰዓት የሚያልቅ።»

ሳቁብኝ። «መጀመሩን ሳትችል ማለቁ አሳሰበህ? ይሁን፣ ከማለቂያው እንጀምራለን። ጾመኛ ተማሪ ደስ ይለኛል፣ ሻይ እንኳ አይጠጣብኝ።»

የመጀመሪያውን ሳምንት መዝጊያ ብቻ ነው ያጠናሁት። ግራ እጅ ፋ፣ ሶል፣ ዶ ይላል፤ ቀኝ እጅ ሲ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ዶ ላይ ያርፋል። ይህንኑ በሁሉም ቅኝት፣ በቀስታም በፍጥነትም። ጎረቤታቸው በአጥር በኩል «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ሁልጊዜ እየጨረሰ መቼ ነው የሚጀምረው?» ብላ እስክትጠይቅ ድረስ።

ሁለተኛውን ሳምንት ግራ እጄን ደረጃ አስወረዱት። ከላይ ዶ ተነስቶ አንድ በአንድ ታች ዶ ድረስ ይወርዳል፤ ቀኝ እጄ በየደረጃው ላይ የመጣለትን ዜማ ይፈጥራል። የሚያምር ነገር የተጫወትኩ መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ቤት ሳትገባ ደጅ ለደጅ ዋልክ» አሉኝ። ከመሳቢያቸው ጠመኔ አውጥተው በቀኝ እጄ በኩል ያሉትን ፋ እና ሲ ቁልፎች በሙሉ ቀቡና «በል ድገመው» አሉ።

ግማሽ ሰዓት ተጫወትኩ። ስጨርስ ጠመኔው እንዳለ ነበር። የቀኝ እጄ ጣት አንዱም ላይ አላረፈም።

ተናደድኩ። አዲስ አበባ ሁለት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፋ እና ሲ ጠፍተውኝ አይደለም።

«ወረቀት ላይ ስታያቸው ትመታቸዋለህ» አሉኝ እትዬ የሺ። «ወረቀቱ ሲነሳ ጣትህ የሚሄደው ወዳደግህበት ነው። አንተን ያሳደገህ ትዝታ ነው፤ እሱ ፋም ሲም የለው። ታዲያ ምን ነውር አለው? የወሎ ሰው ነህ። ግን በዚህኛው ሙዚቃ ያለ ሲ ቤት አይገባም።»

ሐጂ «አለቀ?» እያሉ ለምን እንደሚጠይቁኝ ያን ጊዜ በከፊል ገባኝ። አንዳንዴ እሳቸውን ለማስደሰት ቶሎ ልጨርስ ብዬ ከራሴ የምጨምራት መዝጊያም ሲ አልነበራትም። ሙዚቃ ያልተማሩት ሰውዬ በጆሯቸው ለይተውታል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከኦርጋኑ ስነሳ እትዬ የሺ መነጽራቸውን አድርገው ጠመኔውን ይመረምራሉ። ዜማ ሲያጥረኝ ደግሞ፣ «መንዙማ ሰምተህ አታውቅም?» ይሉኛል። «መሪው ይጠይቃል፣ ተቀባዩ ይመልሳል። አንተም ጠይቅና መልስ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ማለት የለብህም።» እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ ግን መንዙማ የማያውቅ የወሎ ሰው የት አለ?

ዒድ ሊሆን ሁለት ቀን ሲቀረው ቁልፎቹን አይተው «ጠመኔ የለም» አሉኝ። የሰጡኝ ዲፕሎማ ይኸው ነው።

ከዒድ በኋላ ምግብ ቤቱ በተከፈተበት ቀን ሹራቤን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። የፒያኖው ወረቀት ማስቀመጫ ባዶ ነበር። ሐጂ ጥጋቸው ተቀምጠው ምሳቸውን ይበላሉ። ግራ እጄን ደረጃውን አስወረድኩት፤ ቀኝ እጄ ጠየቀ፣ መለሰ፣ ደግሞ ጠየቀ። አንድ ሾፌር ሊያንጎራጉር አፉን ከፈተና የሚይዘው ቃል ሲያጣ ወደ ምግቡ ተመለሰ። ሳቄ መጣ።

ወዲያው መብራት ጠፋ።

ቀን ስለነበር ማንም ግድ አልሰጠውም። እኔን ግን አሳሰበኝ። መብራት ከሌለ ማይክራፎን የለም፤ ማይክራፎን ከሌለ ጠቅታው የለም። ሙአዚኑ በባዶ ድምፁ ድንገት ይነሳል፣ እኔም እንደ ልማዴ መሀል ላይ ተቆርጬ እቀራለሁ። አንድ ወር ሙሉ መዝጊያ ተምሬ የምዘጋበትን ሰዓት አጣሁት።

ድሮ ቢሆን ዓይኔ ወረቀት ላይ ነው። አሁን የማየው ወረቀት ስለሌለ ቀና አልኩ። ያን ምግብ ቤት ፒያኖው ላይ ሆኜ ስቃኘው የመጀመሪያዬ ነበር። ሐጂ በልተው ጨርሰዋል። እጃቸውን በሶፍት ጠረጉ። ከዚያ የቀኝ እጅጌያቸውን ቁልፍ ፈትተው ወደ ላይ መጠቅለል ጀመሩ፣ ቀጥሎ የግራውን። ውዱእ ሊያደርጉ፣ ለሶላት ሊታጠቡ ነው።

ፋ። ሶል። ሲ ላይ ትንሽ ቆየሁ፤ የግራው እጅጌ ክርናቸው ሲደርስ ዶ ላይ ገባሁ። እጄን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ሰው ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ከዚያ ከአጥሩ ማዶ አዛኑ በቀጭን የሰው ድምፅ ተነሳ።

ሐጂ አዛኑ እስኪያልቅ በዝምታ አዳመጡ። ከዚያ ተነስተው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ።

«አለቀ» አሉ። መጠየቃቸው አልነበረም። «ለመሆኑ መብራት ሳይኖር እንዴት አወቅህ?»

«እጅጌዎን ሲጠቀልሉ አይቼ ነው።»

«እኔ በየቀኑ እጠቀልላለሁ እኮ።»

«ወረቀት ሳይ ነበር፣ ሐጂ። አላየሁዎትም።»

«አብሽር» አሉኝና ትከሻዬን በተጠቀለለው ክንዳቸው ነካ አድርገው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ።

አራቱ ጠረጴዛዎች አልገቡም። ሐጂ ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ እጅጌያቸውን የሚጠቀልልላቸው ልጃቸው ነው። እኔም ልጃቸው ሲነሳ እያየሁ እዘጋለሁ። ደሴ ጥቂት ተማሪዎች አሉኝ፣ ከኪሴም ጠመኔ አይጠፋም። ለአዲስ ተማሪ የምነግረው ይህን ነው፦ መዝጊያውን አስቀድመህ አጥና፤ ከዚያ ቀና ብለህ ሰው እይ።