እብጠቱ እስኪጎድል

ነቀምት ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። ስትሮክ የመታኝ እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ ከባኬ ጃማ ለመጣች ደንበኛዬ መጋረጃ ሳስመርጥ ነው። "ከዚህ ጋር የትኛው ይሄዳል?" አለችኝ። ልመልስላት ስል ምላሴ ከበደኝ፣ ቀኝ እጄም ጨርቁን ለቀቀው። ልጄ ከጎረቤት ሱቅ ሮጣ መጥታ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ።

መጀመሪያ እየተንተባተብኩም ቢሆን እናገር ነበር። የባሰብኝ በኋላ ነው። ሁሉም ተሻላት ሲል እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ጀመር፤ ቃላቱም ጠፉብኝ። ሐኪሙ ራሴን እንደገና በሲቲ ስካን አስነሥቶ አየና ለልጄ ነገራት።

"አዲስ ስትሮክ አይደለም። ደም አጥቶ የሞተውን የአንጎሏን ክፍል ለማጽዳት የሰውነቷ ተከላካይ ሕዋሳት ተሰብስበዋል። ብግነት ነው፤ የቁስል ዙሪያ ቀልቶ እንደሚያብጠው ማለት ነው። አንጎል ግን በአጥንት የታጠረ ነው። እብጠቱ መሄጃ ሲያጣ ጤነኛውን ክፍል ይጫነዋል።"

"ትድናለች?"

"እብጠቱ እስኪጎድል እንታገላለን። ቃል ግን አልገባልሽም።"

ተኝቼ ሁሉንም እሰማ ነበር። ስለ እኔ ይወራል እንጂ እኔን የሚያናግር አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ከአርጆ መኪና ተኮናትሮ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። አባታችንን አንድ ጎኑ ሽባ ሲሆን ቤት ወስዶ፣ አስታሞ የቀበረው እሱ ነው። የእኔም ነገር ያበቃ መሰለው።

"ዶክተር፣ አንተ የአቅምህን አድርገሃል። ቤቷ እንውሰዳት።"

"አሁን መንገድ ላይ ካወጣችኋት ትሞታለች።"

"እዚህ ብትቆይስ ትተርፋለች?"

ሐኪሙ ወደ ልጄ ዞረ። ያኔ ንዴት ያዘኝ። የእኔን ሞት ሲወስኑ እኔን የሚጠይቅ ይጥፋ? ወንድሜ ብብቴ ሥር እጁን ሰዶ ሊያነሳኝ ሲል፣ በደህናው እጄ የአልጋውን ብረት ጨምድጄ ያዝኩ። ጣቶቼን ሊያላቅቅ ታገለ።

"ኤሱማ፣ ይልቀቋት!" ብላ ጮኸች ልጄ። እኛ ዘንድ የእናት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው።

"ራሷን ስታለች እኮ፣ ምን ታውቃለች?" አላት።

"ሂን ዴሙ!" አልኩ። አልሄድም ማለቴ ነው። በአማርኛ ልበለው ብል አላገኘውም ነበር፤ የቤታችን ኦሮምኛ ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወጣ። ወንድሜ እጁን ሰበሰበ። ኮሪደር ላይ ሲያለቅስ ሰማሁት።

እብጠቱ ጎደለ። አማርኛው ዘግይቶ መጣ፤ ዛሬም የቀለም ስሞች ይጠፉኛል፣ ቀኝ እጄም እንደ ድሮው አይታዘዝም። ለክትትል ስሄድ ሐኪሙ ብግነቱ ጠላት ብቻ እንዳልነበረ አስረዳኝ፤ የሞተው ክፍል ሳይጸዳ ጥገናው አይጀመርም አለ።

"ሲበዛ ነው የሚጎዳው" አለኝ።

"የእኔ ዘመዶችም እንደዚያው ናቸው" አልኩት። ሳቀ።

ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ ሱቄ መጣ። "ሱቁን አከራይተሽ አርጆ ነይ፤ እኛ እንጦርሻለን" አለኝ። እሱ ይህን ሲል አንዲት ደንበኛ እኔን አልፋ ዋጋ የምትጠይቀው ልጄን ነበር።

"እኔን ጠይቂኝ፣ ሱቁ የእኔ ነው" አልኳት። "ቀስ ብዬ ነው የምመልስልሽ፤ ትጠብቂያለሽ።"

ጠበቀች። ከዚያ የጨርቁን ጫፍ ለወንድሜ ሰጠሁትና "ወጥርልኝ" አልኩት። ወጠረልኝ፤ በግራ እጄ ለካሁ።