የመርከቧ ሸራ ሰፊ ምን ሆነ?

መርማሪው የሚሉት ፖሊስ ሆኖ አይደለም። የጭነት መኪና ሸራ ሰፊ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው፤ ሰውየው አንድ ነገር ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ለቅሶ ቤት ሄዶ ድንኳኑ በምን ዓይነት ቋጠሮ እንደታሰረ ሳያጣራ አይቀመጥም። ሚስቱ እንደምትለው ከሆነማ በሠርጋቸው ቀን ቀለበቱን ስታጠልቅለት፣ ጣቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ብየዳውን ሲመረምር ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ጠርገዋል።

የሚሠራበት ክፍል ጋራዥ ሊሆን ተጀምሮ መሐል ላይ ሐሳቡን የቀየረ ይመስላል፤ በሩ መኪና ያስገባል፣ ጣሪያው ሰው ያጎነብሳል። የሸራው ክምር ከመብዛቱ የተነሳ ግመል ገብቶ ቢጠፋ ለፍለጋ ሳምንት አይበቃም። ረጅሙን ስፌት መርማሪው በስፌት መኪናው ይሄድበታል። ማዕዘኑን ግን መኪናው አይችለውም፤ ሸራው ሲደራረብ መርፌው ይሰበራል። ስለዚህ ማዕዘኑ በእጅ የሚሰፋ ነው፣ እጁም የጋሽ ወስፌ ነው። ጋሽ ወስፌ ለመርማሪው ሙያውን ያስተማሩት ሰው ናቸው። በወስፌ ያልበሱት ነገር የለም ይባላል፤ ከትዕግሥታቸው በቀር።

የስፌት መኪናው ሞተር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከምሳ በኋላ እስኪበርድ ካልተተወ እንደ አማት ይነጫነጫል። እሱ ሲበርድ መርማሪው መጽሐፍ ያነባል፣ ጋሽ ወስፌ ክራቸውን ሰም እየቀቡ ያዳምጣሉ። መጽሐፉ በየቅጹ የሚወጣ የባሕር ወንበዴዎች ታሪክ ነው። መርማሪው እግረኛ መንገድ ላይ ከምትሸጥ መጽሐፍ ሻጭ የገዛው ሲሆን፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ በካኪ ወረቀት ተለብጦ ነበር።

ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው እንዲህ በባሕር ይነደፋል ብሎ ማን ያስባል? ነገር ግን ታሪኩ እንቅልፍ የሚነሱ ጥያቄዎች ነበሩት። ካፒቴኑ በጥይት ሲመታ ሐኪም አይፈልግም፤ በርሜል ሰብሮ ዳቦ ያወጣል፣ ይበላል፣ ይድናል። በየደሴቱ በርሜል አለ፣ በየበርሜሉ ዳቦ አለ።

«ማነው የሚሞላው?» ይላል መርማሪው። «ዳቦ ቤት የለ፣ ሰው የሌለበት ደሴት ነው።»

«አንብብ፣ ልጄ።»

«ደግሞ ስምንት ሽጉጥ፣ አራት ጎራዴ፣ አንድ መልሕቅ ይዞ ይዋኛል። ኪሱን የሰፋለት ማነው?»

«እኔ አይደለሁም። አንብብ።»

ዘበኞቹማ የባሰባቸው ናቸው። ካፒቴኑን ፊት ለፊት አይተው ይጮሃሉ፤ እሱ ከሣጥን ጀርባ ጎንበስ ሲል «ድመት ይሆናል» ብለው ተመልሰው ይቆማሉ። መርማሪው ይህችን ገጽ ሦስቴ ደግሞ አነበባት፤ እንዲህ ዓይነት ዘበኛ የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት የትኛው እንደሆነ ሊገባው አልቻለም።

ሁለተኛው ቅጽ ላይ ግን ቀልዱ ቀዘቀዘ። መርከቧ ላይ አንድ ሸራ ሰፊ ሽማግሌ አለ። ሚስቱ ሞታበታለች፣ ልጁ ካገባች ወዲህ አልጻፈችለትም፣ ዓይኑ ደክሟል። አንድ ቀን ስፌቱ ተንሻፎ ሸራው በማዕበል መሐል ይተረተራል። የካፒቴኑ ምክትል «ይሄን ሰው ምን እያልን እንቀልበዋለን? በሚቀጥለው ደሴት እናውርደው» ይላል። ደሴቲቱ ከሩቅ ታየች። ቅጹ አለቀ።

ጋሽ ወስፌ ሰሙን አስቀመጡ።

የሆነው ነገር ምን መሰላችሁ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ጋሽ ወስፌ አንድ ማዕዘን ሲሰፉ የገዛ ኮታቸውን ጫፍ አብረው ሰፍተውታል። ሙቀት ነበርና ኮቱን አውልቀው ጭናቸው ላይ ጥለውት ነበር። ሸራው ተጠቅልሎ ሄደ፣ ኮቱም አብሮ ሄደ። ሾፌሩ ሁለት ከተማ አልፎ ሲዘረጋው እጅጌ ብቅ አለለት። ሲመለስ «ሸራ አዝዤ ኮት ተመረቀልኝ» እያለ ሰፈሩን በሳቅ አፈረሰው። ጋሽ ወስፌም ሳቁ፤ ግን ሳቃቸው ቶሎ አለቀች።

«እዚያች ደሴት ላይ ካወረዱት» አሉ አሁን፣ «እኔም ቅዳሜ መርፌዬን ሰብስቤ ቤቴ እገባለሁ።»

«ጋሼ፣ እሱ እኮ የመጽሐፍ ሰው ነው።»

«ቢሆንስ? ዓይኑ ዓይኔ ነው። ማንም ደፍሮ ያልነገረኝን ነገር ነው እሱ ላይ የጻፉበት። ሦስተኛውን አምጣና ቁርጡን ንገረኝ።»

መርማሪው ቀልድ እንዳልሆነ ገባው። ጋሽ ወስፌ ቅዳሜ እገባለሁ ካሉ፣ ቅዳሜ ራሱ ቢለምናቸው አይመለሱም።

መጽሐፍ ሻጯ ግን ሦስተኛው ቅጽ የለኝም አለች። ተርጓሚው ገና አልጨረሰውም። «ለመጨረሻው ከቸኮልክ ጌም ቤት ሂድ።»

«ጌም ቤት ምን ልሠራ?»

«ታሪኩ ከጌም የተወሰደ ነው እኮ። መጀመሪያ ጌም ነበር፣ በኋላ ነው መጽሐፍ ያደረጉት። ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ነበር።»

መርማሪው እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ ቀረ። «እንግዲያው በርሜሉ ውስጥ ያለው ዳቦ...»

«ተጫዋቹ ጤናው ሲያልቅ ይበላዋል።»

«ስምንቱ ሽጉጥስ?»

«ጌም ነው።»

«ዘበኞቹስ?»

«ጌም ነው አልኩህ፣ ወንድሜ። ገበያዬን አትዝጋ።»

ዶሮውን የሰረቀበትን ሰው ከዓመታት በኋላ እንደተነገረው ሰው ሆኖ ሄደ፤ ደስም አለው፣ ከፋውም።

የጌም ቤቷ ባለቤት ሹራብ እየሠራች የአሥር ቴሌቪዥን ተራ የምታስከብር ሴት ናት። «ለልጅዎ ነው?» አለችው። ለራሱ እንደሆነ ሲነግራት ሹራቧን አስቀምጣ ራሷ መጥታ ጆይስቲኩን አስያዘችው። ካፒቴኑ በመርማሪው እጅ ያየውን መከራ ግን በሕይወቱ አላየውም። ግድግዳ ሲገፋ ቆየ፣ ባሕር ገባ፣ ከባሕር ወጣ፣ ተመልሶ ገባ።

«ጠላት ከፊትዎ ነው፣ ይተኩሱ እንጂ» አለው ከኋላው ተራ የሚጠብቅ ጎልማሳ።

«ከዚህ ሰውዬ ጋር የተጣላሁት ነገር የለም። ሸራ ሰፊው የት ነው ያለው?»

«የምን ሸራ ሰፊ?»

ጎልማሳው ጌሙን ደጋግሞ የጨረሰ፣ ከእናቱ ቤት ይልቅ ያችን መርከብ የሚያውቅ ሰው ነው። ሸራ ሰፊ የሚባል የለም ብሎ ማለ። መርማሪው ግን ሰው ጦርነቱን ትቶ ወርዶበት የማያውቀውን መሰላል እየተንገዳገደ ወረደ። እውነትም ከበርሜሎቹ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ሸራ ታቅፎ ተቀምጧል። እጁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። «ዛሬ ነፋሱ ይበረታል» አለ። መርማሪው ሌላ ነገር እስኪናገር ጠበቀ። «ዛሬ ነፋሱ ይበረታል» አለ ሽማግሌው።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለች ባለቤቷ። «ለመልክ ያስቀመጡት ነው። አይወርድም፣ አይሞትም።»

«ሚስቱስ? ልጁስ?»

«ምንም የለውም።»

ደራሲው ያቺን አንዲት ቃል ሰምቶ ነው ሚስት የቀበረለት፣ ልጅ የዳረለት፣ ዓይን ያደከመበት። ይህን ሁሉ ዘረፋና መድፍ ትቶ እዚህ ጥግ ድረስ ወርዶ አንድ ሽማግሌ ፊት የቆመ ምን ዓይነት ሰው ነው? መርማሪው ሊጠይቀው ፈለገ፣ የሚጠይቅበት ቦታ ግን አልነበረም። ጠጋ ብሎ ሲያይ ደግሞ የሽማግሌው መርፌ ክር የለበትም።

በማግስቱ ያየውን ሁሉ አንድም ሳያስቀር ለጋሽ ወስፌ ነገራቸው። ሊያጽናናቸው ፈልጎ «አይወርድም» ብሎ ብቻ ማቆም ይችል ነበር፤ ግን ያላለቀ ወሬ ከአፉ አይወጣም።

«ክር የለውም?» አሉ።

«የለውም።»

«ወስደህ አሳየኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት ወሰዳቸው። መርማሪው ካፒቴኑን እየጎተተ መሰላሉን አወረደው። ጋሽ ወስፌ ወንበራቸውን ስበው አፍንጫቸው ቴሌቪዥኑን እስኪነካ ተጠጉ። እጁ ከፍ ሲል አዩ፣ ዝቅ ሲል አዩ።

«ማነው ያስተማረው?» አሉ በመጨረሻ። «ክር የለ፣ ሰም የለ። መርፌውን ደግሞ እንደ ማንኪያ ነው የያዘው። ሰፍቶ ያወቀ ሰው እጁ እንዲህ አይሄድም።»

«ያየውም ሰው የለም፣ ጋሼ።»

«ማንም አውርዱት አላለም?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ስለ ነፋሱ ደጋግሞ ነገራቸው።

«ይሄን ጉድ ታቅፈው ዓለምን ሲዞሩ፣ እኔ በአንድ ኮት ልወርድ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ፊታቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሱ፣ «ማዕዘኑን እኔ እሰፋለሁ። ከመውጣቱ በፊት አንተ በጣትህ ዳስሰህ ታየዋለህ። ከተንሻፈፈ ንገረኝ፣ እፈታዋለሁ። ይህን ልልህ ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ አፍሬ ነው» አሉ።

«እሺ፣ ጋሼ። እኔም ልልዎት አስቤ...»

«አፍረህ ነው። አውቃለሁ። ተነስ።»

ጎልማሳው ተራው እንደደረሰ ለማስታወስ ጠጋ አለ። መርማሪው ጆይስቲኩን አቀበለውና ጋሽ ወስፌን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ደጅ አወጣቸው። ከምሳ በፊት የሚያልቅ ማዕዘን ነበራቸው።