ስድስት ሽፋሽፍት

ሊይዙኝ ሲመጡ እጄ ላይ ጓንት ነበር። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደብረ ኤልያስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌናቸውን የሚቧጭራቸው አንዲት እናት ጠረጴዛዬ ላይ ተኝተዋል። እኔ የዓይን ነርስ ነኝ፤ ትራኮማ ያጣመመውን የዓይን ቆብ በቀዶ ሕክምና እያቃናሁ ነው እንጀራዬን የምበላው። የቀኝ ዓይናቸውን ጨርሼ፣ ለግራው ማደንዘዣ ወግቼ፣ እስኪይዝላቸው እጠብቃለሁ። ሁለት ሰዎች ገቡና አንደኛው ስሜን ጠርቶ "ትፈለጋለህ" አለኝ። ሃያ ደቂቃ ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። ጓንቱን እንዳወልቅ ፈቀዱልኝ፤ ሃያ ደቂቃውን ግን ከለከሉኝ።

እናትየዋ ፊታቸው በጨርቅ ስለተሸፈነ ማን እንደገባ አላዩም። "ሁለተኛውም አለቀ እንዴ፣ ልጄ?" ሲሉ ነው ከበሩ የወጣሁት።

ጥፋቴ፣ መርማሪው እንደነገረኝ፣ ምርጫው ካለፈ በኋላ ሰልፍ ወጥተው አስለቃሽ ጭስ ያገኛቸውን ወጣቶች ዓይን ማጠቤ ነው። አልካድኩም። ዓይን ማጠብ ሥራዬ ነው አልኩት። ፌዝ መሰለው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፌዝም ነበረበት፤ ስናደድ ምላሴ አርፎ አይቀመጥልኝም።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም። የነቀዝ መድኃኒት ሽታው አልለቀቀውም፤ የገለባው ብናኝ ከወለሉ ስንጥቅ እየተነሣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ክረምት ስለነበር ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወርድበት እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። ሠላሳ ያህል ሰዎች ነበርን። ሰማዩ ገለጥ ሲል ጣሪያው ላይ ሚስማር ከተነቀለበት ቀዳዳ አንድ ቀጭን ጨረር ይወርድና ወለሉ ላይ የሳንቲም ያህል ቦታ ያበራል። ሌላ ብርሃን አልነበረንም።

ቁጭ ማለት አቃተኝ። ከግድግዳ ግድግዳ ስመላለስ የሰው እግር እየረገጥኩ ተሰደብኩ። ስለ ክሴ አልነበረም የማስበው፤ ስለዚያች ያልተነካች ግራ ዓይን ነበር። ማደንዘዣው አሁን ለቀቃቸው፣ አሁን ጨርቁን አነሡ፣ አሁን ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ የቀኙን ስፌት ማን ይፈታላቸዋል እያልኩ ስብሰለሰል ሁለት ቀን አለፈ።

የኔታን ልብ ያልኳቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ወደ መርጡለ ማርያም በኩል ካለ ደብር የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው፤ የታሰረውም ያሰረውም "የኔታ" ነበር የሚላቸው። ጥግ ይዘው፣ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጥለው ይቀመጣሉ። ነጠላው ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ሰዉ ሲያለቅሱ አይቶ ላለማሳፈር ፊቱን ያዞርላቸዋል። እኔም አዞርኩ። አሥራ ሁለት ዓመት ዓይን ሳይ የኖርኩ ሰው፣ እንደ ማንም ፊቴን አዞርኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ያነቃኝ እጃቸው ነው። ጣታቸው በየጊዜው ወደ አንገታቸው እየሄደ፣ ማተባቸው ላይ የሌለ ነገር ይፈልጋል። በእኛ አገር ሽፋሽፍት የሚወጋው ሰው ወረንጦውን ከማተቡ ጋር አስሮ አንገቱ ላይ ነው የሚይዘው፤ ፀጉሩ ሲያድግ ያገኘውን ሰው አስቀምጦ ያስነቅላል። የኔታን በር ላይ ሲፈትሿቸው ወረንጦውን ስለት ነው ብለው ወስደውባቸዋል።

ሄጄ አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ዓይንዎን ልየው አልኳቸው። ድምፄን ሲሰሙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"አንተ በገበያ ቀን ድምፅ ማጉያ ይዘህ 'ወረንጦ ጣሉ፣ ለቀዶ ሕክምና ተመዝገቡ' የምትለው አይደለህም?"

እኔው ነኝ አልኩ።

"እንግዲያ ደስ ይበልህ፤ አንተ ጀመርከው፣ እነሱ አስጣሉኝ።"

ለቀዶ ሕክምናው ተመዝግበው ነበር። ነገር ግን ቀዳሽ ናቸው። ደም የሚፈስ ቁስል ያለበት ቄስ መቅደስ አይገባም፤ በፍልሰታ ጾም ደግሞ ቅዳሴው በየቀኑ ነው፣ በደብሩ ያለው አገልጋይም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጾሙ ይለፍ ብለው ቀጠሮውን አስተላለፉ። እንዲህ ያለ ቀጠሮ ከስንቱ ቄስና ዲያቆን እንደተቀበልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ልቆጣቸው ቃጣኝ፤ ጾሙም ቅዳሴውም አልፏቸው እዚህ መቀመጣቸውን ሳይ ተውኩት።

ጨረሩ ሲወርድ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ የዓይን ቆባቸውን ገለበጥኩ። ፀሐይ ስትሄድ ብርሃኑም ወለሉ ላይ ስለሚሄድ፣ እኔና የኔታ በቂጣችን እየተንፏቀቅን ተከተልነው። አንዳንዱ ሳቀብን። የወጋቸውን ቆጠርኩ፤ በቀኝ አራት፣ በግራ ሁለት። የቀኙን ብሌን ጭጋግ ጀምሮታል። አንዱን ዓይን በመዳፋቸው አስከድኜ ጣቶቼን እያነሣሁ ስንት እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። በግራው ሁሉንም በትክክል ነገሩኝ። በቀኙ እጄን እንጂ ጣቶቼን አላዩም።

አልደበቅኳቸውም። እንዲህ ከቀጠለ የቀኙ እንደማይመለስ፣ ግራውም እንደሚከተል ነገርኳቸው።

"ዓይን የሌለው የቅኔ መምህር ሞልቷል፤ ቅኔ በቃል ነው" አሉ። "እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።"

ያቃጠላቸውን ነገሩኝ። መርማሪው የሚፈልገው ከተማሪዎቻቸው መካከል ሰልፍ የወጡትን ስም ነው። እሳቸው አልተናገሩም። ግን በተጠየቁ ቁጥር እንባቸው ይወርዳል፤ መርማሪውም ጸሐፊውን "አለቀሱ ብለህ ጻፍ" ይለዋል። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ የደምበጫ እህል ነጋዴ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ለካ እሱን የእምነት ቃሉ ላይ አልፈርምም ባለ ጊዜ "የኔታ እንኳ አልቅሰው የልጆቹን ስም ሰጥተዋል፣ አንተ ማን ነህ?" ብለውት ኖሯል። አምኖ ፈረመ። እኛ በተነጋገርንበት ማግስት ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተማሪዎቹ ወላጆችና የደብሩ ሰዎች ግቢው ውስጥ ሊሰበሰቡ፣ የኔታም ሊታዩ ነው። መናገር አይጠበቅባቸውም። ያ ሁሉ ሰው ሲያለቅሱ ካያቸው ልጆቻችንን አሳልፈው ሰጡ ብሎ ይሄዳል።

"ነገ ያገሬ ሰው ፊት ስቆም ዓይኔ ይድረቅልኝ" አሉ የኔታ። "ከነገ ወዲያ እንዳሻው ይሁን።"

የዚያን ቀን በጥፍር ሞከርን። ነጋዴው ጥፍሩ ረጅም ነበርና ልካስ ባለ ስሜት እሱ ቀደመ፤ ፀጉሩ እርጥብ ስለሆነ ያዳልጠዋል። ከጋቢ ክር መዝዤ፣ ጠምዝዤ ሞከርኩ፤ ቆቡን አስቆጣሁት እንጂ አንድም አልወጣልኝም። የኔታ "በቃ" እስኪሉ ድረስ አልተውኩም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጥበቃውን ጠራሁት። ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ አነጋገሩ የገጠር የሆነ ሰው ነው። ወረንጦው ለግማሽ ሰዓት እንዲሰጠን ለመንኩት። ብረት በእስረኛ እጅ አይገባም አለኝ። ወረንጦ ምን ብረት ነው ብዬ ጮህኩበት፤ በሩን ዘጋው። እግሬ እስኪዝል ተመላለስኩ። ትንሽ ለስለስ ብዬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ራሴን ረገምኩ። የኔታ ተቀመጥ ቢሉኝ አልሰማኋቸውም። ዝናቡ አባራ፣ ጨረሩ ወረደ፣ ወለሉን አቋርጦ ግድግዳው ጋ ሊደርስ ጥቂት ቀረው።

ስድስት ሰዓት ግድም በሩ ተከፈተ። ጥበቃው ወረንጦውን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዟል። የኔታን ወደ ደጃፉ እንዳመጣቸው አዘዘኝ።

"ብረት በእስረኛ እጅ አይገባም ብያለሁ" አለ። "እኔ እነቅላለሁ፣ አንተ ቆቡን ያዝልኝ። የእናቴን ስነቅል ነው ያደግሁት።"

እጅህን ታጠብ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ እስረኛው ማን እንደሆነ ያጠራጠረው መሰለኝ። ከዚያ ከምንጠጣው ጀሪካን ውሃ አፍስሼለት ታጠበ። ወረንጦውን በክብሪት እሳት አስለበለብኩት። እኔ ቆቡን በአውራ ጣቴ ወደ ላይ ያዝኩ፣ እሱ ጎንበስ አለ፣ ጠመንጃው ከትከሻው እየተንሸራተተ ጉልበቴን ይመታኛል። በየገበያው ስንቱን ወረንጦ ያስጣልኩ ሰውዬ፣ ትንፋሼን ይዤ "ከሥሩ፣ ከሥሩ ያዘው" እላለሁ። ተነቅሎ የሚመለስ ፀጉር አጥሮ፣ ጠንክሮ፣ ይበልጥ እንደሚወጋ ከኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ አልነበረም። ግን እጁ ጎበዝ ነበር፤ እኔ ካሠለጠንኳቸው ከብዙዎቹ ይሻላል። ነገርኩት።

አምስተኛው መሐል ላይ ተሰበረበት። ጉቶው ብሌኑ ላይ ቆሞ ቢቀር ከበፊቱ የባሰ ነው። ከሩቅ አንድ ሰው ጥበቃውን በስሙ ጠራው። አልተነሣም። ቆቡን ትንሽ ጨምሬ ገለበጥኩለት፣ ጉቶውን ፈልጎ አገኘው፣ ነቀለው፤ ከዚያ ስድስተኛውን አወጣና ወረንጦውን በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። በሩን ሲዘጋ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። የኔታ ዓይናቸውን ገለጥ ከደን፣ ገለጥ ከደን አደረጉ።

"ዝም አለልኝ" አሉ።

በዘጠኝ ሰዓት አሥር ሆነን አስወጡን፤ ነጋዴውም እኔም አለንበት። ግቢው ጭቃ ነው። ወላጆችና ካህናት ጃንጥላ ይዘው፣ አንዳንዱም ኬሻ ተከናንቦ ቆሟል። መርማሪው ተናገረ። መምህራችሁ ጥፋታቸውን አምነዋል፣ አልቅሰው ተጸጽተዋል፣ የሚያውቁትንም ነግረውናል አለ። ከዚያ የኔታን ወደ ፊት እንዲወጡ በእጁ ጠቆማቸው።

የኔታ ወጡ። ነጠላቸውን ከፊታቸው ወደ ትከሻቸው አወረዱና ፊታቸውን ለሰዉ አሳዩ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ግን ደረቅ ነው። ለማንም ሳይቸኩሉ ከዳር እስከ ዳር አዩ።

"ሲወርድ የከረመው እንባ የሽፋሽፍት ነው" አሉ። "ዛሬ ተነቀለልኝ። የማንንም ልጅ ስም አልሰጠሁም።"

አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ካጠገባቸው ያለውም አወለቀ። ነጋዴው ከጎኔ ሆኖ ፊርማዬን አንሥቻለሁ አለ፤ ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን ተሰማ። ስብሰባው እዚያው ተበተነ። እኛ በግፊያ ወደ መጋዘኑ ተመለስን፤ የኔታን ግን ለብቻቸው ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው። ጥበቃውንም ከዚያ ቀን ወዲህ በራችን ላይ አላየሁትም። ተቀጥቶ ይሁን ተዛውሮ አላወቅኩም፤ ዛሬም ሳስበው ያንቆራጥጠኛል።

ሌሎቹ ለሳምንታት ያን ቀን እያነሡ ይደሰቱ ነበር። እኔም ኮርቻለሁ፣ አልክድም። ግን አንድ ወር ሲሞላ መተኛት አቃተኝ። ስድስቱ በቅለዋል፤ የት እንደሚወጉ፣ በየትኛው በኩል እንደሚቆሙ አውቃለሁ። የኔታ የት እንዳሉ ግን አላውቅም። የዓይን ሰው ሆኖ መታሰር ትርፉ ይህ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ተፈታሁ። ባልደረባዬ የዚያችን እናት ግራ ዓይን እኔ በተያዝኩ በሳምንቱ ጨርሶላቸው ኖሯል፤ ይህን ስሰማ አንድ ነገር ከትከሻዬ ወረደ። የኔታም ከኔ ጥቂት ወራት በኋላ ተፈትተው ራሳቸው ወደ ጤና ጣቢያው መጡ። በትር ይዘው ነበር። የቀኙ ብሌን ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል።

የግራውን ቆብ ሠራሁላቸው። ስጨርስ ጣቶቼን አሳየኋቸው፤ ሦስት አሉ፣ ሦስት ነበሩ። ስለ ቀኙም ጠየቁኝ። የሚደረግለት ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። ጠረጴዛው ላይ እንደተጋደሙ ከማያየው ዓይናቸው አንድ እንባ ወደ ጆሯቸው ወረደ። በጥጥ ልጠርገው እጄን ስሰድ ያዙኝ።

"ተወው" አሉ። "ይኼኛው የኔ ነው።"

አሁን ወጣት ነርሶችን አሠለጥናለሁ። ታካሚ ሲያነባ ሁሉም ጥጥ ይዞ ይሮጣል። ተዉ፣ መጀመሪያ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ አንዳቸውም ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም እስካሁን አልነገርኳቸውም።