ሐሙስ ወፍ አለ

ማስታወቂያው አጭር ነበር። ከላይ በትልቁ «ሐሙስ ወፍ አለ» ይላል። ከሥሩ የተናጋሪው ስም፣ ርእሱ፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌላ ምንም የለበትም። ረቡዕ ረቡዕ የማትመው እኔ ነበርኩ። የምሠራው ከዩኒቨርሲቲው በር ዝቅ ብሎ ካለ ኮፒ ቤት ነው። ወንድሜ እዚያው ግቢ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበር። «ነበር» ብሎ መጻፉን ገና አልለመድኩትም። እጄ «ነው» ብሎ ይጽፋል፣ ተመልሼ አጠፋዋለሁ።

ጋሼ ነበር የምለው። በዕድሜ ብዙ ይበልጠኛል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ሳይመጣልኝ ሲቀር ከእናታችን ቤት፣ ከዳባት ወዲያ፣ ጎንደር ያመጣኝ እሱ ነው። ኮፒ ቤቱ ያስገባኝም እሱ ነው። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖር ነበር።

የሱ ትልቁ ነገር ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ስለ ወፍ የሚያጠኑ ተማሪዎችና መምህራን ይሰበሰባሉ። አንዱ የደረሰበትን ይናገራል፣ ሌላው ይጠይቃል፣ ይከራከራሉ። በደብዳቤ ላይ ስሙ ሴሚናር ነው። ሰው ግን «ወፍ» ነበር የሚለው። «ነገ ወፍ አለ?» «አለ።» በቃ።

ስሙ የወጣው ከቀልድ ነው። ነዳጅ ፍለጋ ተሰልፎ ባዶውን የተመለሰ ሰው «ወፍ የለም» ይላል። ኔትወርክ ሲጠፋም፣ ደመወዝ ሲዘገይም ወፍ የለም ነው። ጋሼ ሴሚናሩን የጀመረ ቀን የመጣ ሰው አልነበረም አሉ። ብቻውን ተቀምጦ ሳለ አንድ ባልደረባው በበሩ አንገቱን አስግጎ ባዶ ወንበሮቹን አየና፣

«ምነው፣ ወፍ የለም እንዴ?» አለው።

«ግባ! ለሚቀጥለው ሐሙስ ተናጋሪው አንተ ነህ» አለው ጋሼ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። ስለ ሐሙስ ተጠይቆ «ወፍ የለም» ያለ ሰው የሚቀጥለውን ተራ ይወስዳል። ምክንያት አይሰማም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሳይቀሩ አንድ ቀን አምልጧቸው ስለ ዶሮ ተናግረዋል።

ሌላም ሕግ ነበረው። ተናጋሪው ወደ እንግሊዝኛውና ወደ ሥዕሉ ከመግባቱ በፊት ዋናውን ነገር በአማርኛ መናገር አለበት። «እናትህ ፊት ለፊትህ እንደተቀመጠች አድርገህ ንገረን» ይላል። ብዙዎቹን የሚያልባቸው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ተማሪ ሲጨንቀው፣ «መምህር፣ እናቴ ብትሆን እኮ ይሄኔ ተነሥታ ሄዳለች» አለ። ጋሼም፣ «እንግዲያው የምትቆይበትን አምጣ» አለው።

እኔም እገባ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት ኮፒ ቤቱ ይቀዘቅዛል። አማርኛውን እሰማለሁ፣ እንግሊዝኛው ሲመጣ ሥዕሉን አያለሁ። ጋሼ ሲናገር ግን ሁሉንም እሰማ ነበር። የገባኝም ያልገባኝም።

አንድ ጊዜ ርእሱ «የደጋ ቁራ የመራቢያ ወቅት» ነበር። እኔ «የደጋ ቄራ የመራቢያ ወቅት» ብዬ አተምኩት። የአንዲት ፊደል ነገር ናት። ማንም ሳያያት በግቢው ሁሉ ተለጠፈ። ሐሙስ ዕለት ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ገብተው ከፊት ተቀመጡ። የከተማው ቄራ ዘበኛ ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ግቢ ትማራለች። ስለ ቄራ ስብሰባ ተጠርቷል ብላ ነግራቸው ነው የመጡት። እስከ መጨረሻው አዳመጡና እጃቸውን አወጡ።

«ሁሉንም ሸጋ አድርገህ ተናገርህ፣ ልጄ። ብቻ አንድ ነገር አልገባኝም። ቄራው የሚወልደው መቼ ነው?»

ጋሼ ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያነባ ሳቀ። ሽማግሌው አልተቀየሙም። ከዚያ በኋላ ከሐሙስ ቀርተው አያውቁም። ተማሪዎቹ «አያ ቄራ» ብለው ስም አወጡላቸው። ግማሹን ጊዜ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኛሉ። ጭብጨባ ሲሰሙ ነቅተው እሳቸውም ያጨበጭባሉ።

ጋሼ ከወፍ ሁሉ ቁራ ይወድ ነበር። መንቆሩ ወፍራም፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበትን፣ ይሄን የኛን። እኔ ቁራ ምን ይወደዳል እል ነበር። ቆሻሻ መጣያ ላይ ነው የሚውለው። እሱ ግን አንድ ሐሙስ በአማርኛው ክፍል እንዲህ አለ፤ «ቁራ የተረፈውን ሥጋ ይቀብራል። ሌላ ቁራ እያየው ከሆነ ግን የቀበረ ያስመስልና በአፉ ይዞት ሌላ ቦታ ይሄዳል። ፈረንጅ አገር ያሉት ዘመዶቹ ይሄን ያደርጋሉ። የኛውስ? የኔ ጥያቄ ይቺ ናት።» ጥያቄውን ይዞ ጠዋት ጠዋት ቄራው አጥር ሥር ይቆም ጀመር። መንገድ ሲዘጋና ለመስክ ሥራ ወደ ደባርቅ መውጣት ሲቀር እንኳ «ቁራዬ እዚሁ አለ» ይል ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ከሳ። እህል አላስበላው አለ። ዓይኑ ቢጫ ሆነ።

«ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ሂድ።»

«እሄዳለሁ።»

«መቼ?»

«አንተ ደግሞ እናቴን ሆንክብኝ። እሄዳለሁ አልኩህ።»

ለካ ሄዷል። ጉበቱ እንደሆነ ተነግሮት ነበር። መድኃኒቱን ቤት አያመጣውም፣ ቢሮው መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ይሄን ያወቅኩት ዕቃውን ላነሣ ቢሮው ስገባ ነው።

ሆስፒታል የገባው ሰኞ ነው። ረቡዕ ጠዋት አጥሚት ይዤለት ሄድኩ። አልጠጣውም።

«ማስታወቂያውን አወጣኸው?» አለኝ።

«የማንን?»

«የኔን ነዋ። ተራው የኔ ነው። ስለ ቁራው።»

«ጋሼ፣ እንዲህ ሆነህ…»

«ለጥፈው አልኩህ። ወፍ አለ።»

ሄጄ አተምኩት። ስሙን ጻፍኩ። ፊደሉን ሁለቴ አየሁት፣ ቁራ ይላል። ለጠፍኩት።

ሐሙስ ሲነጋጋ አረፈ። በዚያው ቀን ይዘነው ወደ እናታችን አገር ወጣን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ነበርን። ዝናቡ አላቆመም። አፈሩ ጭቃ ሆኖ አካፋው ላይ ይጣበቅ ነበር። በኋላ እንደሰማሁት፣ መርዶው ያልደረሳቸው ጥቂት ተማሪዎች በዚያው ሰዓት ከክፍሉ በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት ነበር። ማስታወቂያው ወፍ አለ ስለሚል።

ለቅሶ ላይ ከጎንደር ብዙ ሰው መጣ። አያ ቄራም በዚያ ዕድሜያቸው ተማሪዎቹ መሐል ተጨናንቀው በሚኒባስ መጡ። ሰው ከተበተነ በኋላ እናቴ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ይሄ ሁሉ ሰው የወፉ ነው?»

«አዎ እማዬ።»

«ልጄ ወፏን ምን ያደርጋት ነበር? ያክማት ነበር?»

«የለም። ያጠናት ነበር።»

«አጥንቶስ?»

ያን ሁሉ ሐሙስ እዚያ ተቀምጬ ለእናቱ የምላት አጣሁ። እሷም ደግማ አልጠየቀችኝም። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ደጅ ታይ ነበር። ከሞቱ ቀጥሎ የጎዳኝ ያ ነው።

ጎንደር ተመልሼ ሥራ ገባሁ። የሱ ማስታወቂያ ከክፍሉ በር ላይ አልተነሣም ነበር። ሐሙስ መጣ፣ ሄደ። ሌላም ሐሙስ ሄደ። ማንም ምንም አላሳተመም። አንድ ረቡዕ የሱ የማስተርስ ተማሪ የነበረችው ልጅ ወረቀት ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ጥቁር ለብሳለች።

«ሰዓቱንና ክፍሉን ለሌላ ኮርስ ሊሰጡት ነው» አለችኝ። «ነገም ሰው ካልተሰበሰበ አበቃ።»

«ለምን አትሰበሰቡም?»

«ሁሉም ይፈራል። እሱ ከቆመበት ቦታ መጀመሪያ ማን ይቁም? እኔ ሞክሬ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ማልቀስ ብቻ ሆነ።»

ይሄን እያወራን አያ ቄራ ከዘራቸውን ይዘው ከበሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ እንዴት ሰነበትህ? በረታህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባባ።»

«እኔማ ቤት መዋሉ መረረኝ። ነገ ወፍ አለ?»

ማሽኑ ወረቀት ይተፋል። ምን እንደምላቸው አላሰብኩም።

«የለም አባባ። ከእንግዲህ ወፍ የለም» አልኳቸው።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ቀስ ብላ፣ «አልከው» አለች።

«ምን አልኩ?»

«ወፍ የለም አልክ። ተራው ያንተ ነው።»

«ቀልዱን ተይው።»

«አልቀለድኩም። ሕጉ የሱ ነው፣ የኔ አይደለም።»

ተናደድኩ። «እኔ ምን አውቃለሁ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት። ስለ ምን ልናገር? ስለ ኮፒ?»

«ምክንያት አይሰማም» አለች። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን ሊስቅ ምንም አልቀረውም። አያ ቄራ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩና፣ «እንግዲያው አለ ማለት ነው፣ እመጣለሁ» ብለው ሄዱ።

ማታውን ማስታወቂያውን ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ሐሙስ ወፍ አለ።» ተናጋሪ፦ የመምህሩ ወንድም። ርእስ የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ባዶውን ተውኩት።

በማግሥቱ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ኃላፊው ከኋላ ቆመዋል። እሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ጠረጴዛውን ያዝኩ።

«እኔ… ሥዕል የለኝም» አልኩ። «ዋናውን ነገር መጀመሪያ ለእናትህ እንደምትነግር ተናገር ይል ነበር። ታውቃላችሁ። እናቱ… የራሱ እናት ጠይቃኛለች። ልጄ ወፏን ምን ያደርጋት ነበር አለችኝ። ያጠናት ነበር አልኳት። አጥንቶስ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም። ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት። ምን ልበላት?»

እነዚያ ሁሉ የተማሩ ሰዎች አጎነበሱ። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ተነሣች።

«ለእማማ እንዲህ በላቸው» አለች። «ሰው ሁሉ የሚያባርረውን ወፍ እሱ ቆሞ ያየው ነበር። ይሄ ፍጥረት ምን እያሰበ ነው ብሎ። እኛንም እንደዚያ ነበር የሚያየን። ስንሳሳት አያባርረንም።»

አንድ ልጅ፣ እሱ ያስተማረን ወፍ ብቻ አይደለም ብሎ ጀምሮ መጨረስ አቃተው። ሌላው ስለ አንድ የመስክ ጉዞ አወራ። ዝናብ መቷቸው ጋሼ የራሱን ካፖርት ለወፍ ማያው መነጽር አልብሶ እሱ እንደበሰበሰ። ትንሽ ተሳቀ። ሁሉንም ሰማሁ። ከዚያ እኔም አንድ ነገር መጣልኝ።

«የኛ ቁራ ይደብቃል ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር» አልኩ። «የቁራውን አላውቅም። እሱ ግን ይደብቅ ነበር። መድኃኒቱን… እኔ እያየሁት ቦታ ቀየረብኝ።»

ተቀመጥኩ። ማንም አላጨበጨበም።

ኃላፊው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። ቀጥለው፣ «የሚቀጥለው ሳምንት ተናጋሪ ካለ ክፍሉ ይቆያል። ማን አለ?» አሉ።

ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ይሄኔ ከፊት ወንበር ጋቢ ተገለጠ።

«ወፍ የለም!» አሉ አያ ቄራ ጮክ ብለው።

ሁሉም ዞር አለ። እሳቸው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ምን ታፈጣላችሁ? ወፍ የለም ብያለሁ። ተራው የኔ ነው።»

«አባባ፣ ስለ ምን ይናገራሉ?» አሉ ኃላፊው።

«ስለ ቄራ ነዋ! መጀመሪያም የጠራችሁኝ ለሱ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። እኔም የራሴን አላወቅኩም። ጠረጴዛውን አየሁት። ጋሼ ይዞት የሳቀበት ጥግ ያ ነው።

ከግቢ ወጥቼ እናቴ ጋ ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የሰዎቹን ቃል አንድ በአንድ ነገርኳት። እንደ እነሱ አላሳምረውም። ልጅቷ ያለችውን ሁለቴ አስደገመችኝ። ስለ ቁራውም፣ ሲያዩት ቦታ እንደሚቀይር ነገርኳት። ስለ መድኃኒቱ ግን አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

«ይሄ ወሬ ሐሙስ ሐሙስ ነው ያልከኝ?» አለች።

«አዎ እማዬ።»

«እንግዲያ ሐሙስ ሐሙስ ደውለህ ንገረኝ።»

ረቡዕ ማስታወቂያውን አተምኩ። ርእሱ ላይ «ቄራ» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሏን ሁለቴ አየኋት። ከዚያ ወደ ክፍሉ ወጣሁ። የሱ ወረቀት በሩ ላይ እንዳለ ነው፣ ጠርዙ ተገልብጧል። በእጄ መለስኩት። አላነሣሁትም። አዲሱን ከሥሩ ለጠፍኩት።